የመንዙን ዜማ በኖታ ጻፍኩት፤ "አነከሰ" ተባልኩ። ከ2/4 ወደ 6/8 እንዴት ይዛወራል?

ጠባሴ ላይ ነኝ (እሑድ ምሽት)

ደብረ ብርሃን ውስጥ በአንድ ትምህርት ቤት የሙዚቃ ክበብ አሠለጥናለሁ። አራት ትራምፔት፣ አንድ ትሮምቦን፣ አንድ ኪቦርድ፣ ሁለት ከበሮ እና አሥራ አንድ የሚዘፍኑ ልጆች አሉን። ለወላጆች ቀን አንድ የመንዝ የሠርግ ዜማ ልናቀርብ አስበን ነበር። ከተማሪዎቼ የአንዱ አያት የመሐል ሜዳ ሰው ናቸው፤ ዜማውን እያጨበጨቡ አስተማሩን። እኔም በስልኬ ቀድቼ ወደ ኖታ ገለበጥኩት።

ልጆቹ ማንበብ የሚችሉት 2/4 እና 4/4 (በአንድ ባር፣ ማለትም በሁለት ቋሚ መስመሮች መካከል፣ ሁለት ወይም አራት ምት ያለውን) ብቻ ስለሆነ በ2/4 ጻፍኩት። ዜማው ረዥም፣ አጭር፣ ረዥም፣ አጭር እያለ ይሄዳል። ረዥሙን ነጥብ ባለው ስምንተኛ (ነጥቡ የኖታውን ርዝመት በግማሽ ያስረዝመዋል)፣ አጭሩን በአሥራ ስድስተኛ ኖታ አስቀመጥኩት። ልጆቹ ሁለት ሳምንት ተለማምደው ያለ ስሕተት ተጫወቱት። እማማ ግን አራት ባር እንኳ ሳይሞላ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ሳቁ። "ልጄ፣ ይህ እኮ አነከሰ" አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ጫማው ውስጥ ጠጠር የገባበት ሰው አካሄድ ይመስላል።

6/8 መሆን አለበት ብዬ ኮምፒውተሩ ላይ ሙዝስኮር የተባለውን የኖታ መጻፊያ ፕሮግራም ከፍቼ 2/4 የሚለውን ነቅዬ 6/8 ተከልኩበት። ኖታዎቹ እንዳሉ ቀሩ፤ የባር መስመሮቹ ብቻ ተዘዋወሩና ግጥሙን መሐል መሐሉን ቆራረጡት። ስሰማው ድምፁ ያው ነው፣ ማነከሱም አለቀቀውም። በትክክል የሚዛወረው እንዴት ነው?

---

ነጥብ ያለው ሩብ (እሑድ ሌሊት)

ፕሮግራሙ አልበደለህም። ያዘዝከው አጥሩን እንዲያዛውር ነው እንጂ ቤቱን አፍርሶ እንዲሠራ አይደለም። ታይም ሲግኔቸሩን (2/4፣ 6/8 የሚለውን ቁጥር) ስትለውጥ እያንዳንዱ ኖታ ርዝመቱን እንደያዘ ይቀራል፤ በአዲሱ አጥር ውስጥ ይደረደራል፣ በቃ።

ቁጥሩ እንዲህ ነው። ምቱ ለሁለት ከሚከፈልበት ለሦስት ወደሚከፈልበት ስትሄድ የላይኛውን በ3፣ የታችኛውን በ2 ታባዛለህ። 2/4 ወደ 6/8፣ 3/4 ወደ 9/8፣ 4/4 ወደ 12/8 ይሄዳል። ስትመለስ ታካፍላለህ። መጻሕፍቱ የመጀመሪያዎቹን ሲምፕል፣ የኋለኞቹን ኮምፓውንድ ይሏቸዋል። እኔ ተማሪ ፊት "ለሁለት የሚቆረስ" እና "ለሦስት የሚቆረስ" ብል ይቀለኛል። ድፎው አንድ ነው፤ የሚለያየው ቆራሹ ነው።

ሰው የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ 6/8 ስድስት ምት የለውም። እንደ 2/4 ሁለት ምት ነው ያለው። በ2/4 አንዱ ምት ሩብ ኖታ ነው፤ በ6/8 አንዱ ምት ነጥብ ያለው ሩብ ነው፣ የእኔም የመድረክ ስም ከዚያ ነው። ስለዚህ ስታዛውር ሙሉ ምት የሚይዘው ሩብ ሁሉ ነጥብ ይጨመርለታል። ሁለት ምት የሚይዘው ግማሽ ኖታም እንዲሁ። እስከዚህ ድረስ የሒሳብ ሥራ ነው፣ ሙዚቃ የማያውቅ ሰውም ይሠራዋል።

ከምቱ በታች ስትወርድ ግን ሒሳቡ ይተውሃል። ሁለት እኩል ስምንተኛዎች በአንድ ምት ውስጥ ካሉ ሁለት መንገድ አለህ። እኩልነታቸው እንዲቀር ከፈለግህ 6/8 ውስጥ ሁለት ነጥብ ያላቸው ስምንተኛዎች አድርገህ ትጽፋለህ፤ ሦስት ቦታ ላይ ሁለት ሰው እንደማስቀመጥ ነው። ወይም ደግሞ የመጀመሪያውን ሩብ፣ ሁለተኛውን ስምንተኛ ታደርገዋለህ፤ ያኔ ረዥምና አጭር ይሆናሉ። የትኛው ትክክል እንደሆነ ወረቀቱ አይነግርህም።

ያንተ ማነከስ ደግሞ በቁጥር ይታያል። በደቂቃ 100 ምት እንበል፤ አንድ ምት 0.6 ሰከንድ ይፈጃል። እኩል ስትከፍለው 0.3 እና 0.3 ነው። አንተ የጻፍከው፣ ነጥብ ያለው ስምንተኛ ከአሥራ ስድስተኛ ጋር፣ 0.45 እና 0.15 ነው። በ6/8 ሩብና ስምንተኛ ብትጽፈው 0.4 እና 0.2 ይሆናል። ልዩነቱ የሰከንድ 5 መቶኛ ነው። የመንዝ እናት የሳቁት በእሷ ነው።

---

ኪቦርድ ከሸዋ ሮቢት (ሰኞ ጠዋት)

ይህን ሁሉ ጣጣ ለምን ታመጡበታላችሁ? 2/4 ላይ ተወው፣ ምቱ ለሦስት በሚከፈልበት ቦታ ሁሉ 3 ቁጥር ያለበት ቅንፍ አድርግበት፣ አለቀ። ሦስት ስምንተኛ በአንድ ሩብ ቦታ ማለት ነው። ድምፁ ከ6/8 ጋር አንድ ነው፤ 0.4 እና 0.2 ይመጣልሃል። እኔ ሠርግ ላይ ችክችካ ስጫወት በየትኛው ታይም ሲግኔቸር እንደሆነ የጠየቀኝ ሙሽራ የለም።

---

ነጥብ ያለው ሩብ

ድምፁ አንድ ነው፣ ልክ ነህ። አንድ ዘፈን ውስጥ አንድ ሁለት ቦታ ብቻ ከሆነ የምትለው የተሻለ ነው። ግን ዘፈኑ ከጫፍ እስከ ጫፍ ለሦስት የሚቆረስ ከሆነ በእያንዳንዱ ምት ላይ 3 መደርደር ገጹን የአጥር እሾህ ያስመስለዋል። የ12 ዓመት ልጅ ያንን ያነባል? 6/8 የተፈጠረውም ሦስቱን ቁጥር እንዳንጽፍ ነው።

---

የማርሽ ባንድ ጡረተኛ (ሰኞ)

ልጄ፣ ትራምፔቶቹን 6/8 አስተምራቸው፤ አትፍራ። እኛ ዘንድ የነሐስ መሣሪያ ሲነሣ ሰው ሁሉ አእምሮው ውስጥ የሚመጣበት 2/4 ነው፤ ግራ ቀኝ፣ ግራ ቀኝ። ማርሽ ግን 6/8ም ይሆናል። አሜሪካዊው ጆን ፊሊፕ ሱዛ እ.ኤ.አ. በ1889 የጻፈው "ዘ ዋሽንግተን ፖስት" 6/8 ነው፤ እኛ ተሰልፈን ስንጫወተው አንድም ሰው እግሩ አልጠፋበትም። ግራ እግር በ1 ይወርዳል፣ ቀኝ እግር በ4 ይወርዳል። 2 እና 3፣ 5 እና 6 አየር ላይ ናቸው። ለልጆቹ ወረቀት ከመስጠትህ በፊት ሜዳ ላይ አስኪዳቸው። እየሄዱ "አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት" ይበሉ። እግራቸው ሁለት እየቆጠረ አፋቸው ስድስት ይቆጥራል። ከሩብ ሰዓት በኋላ 6/8 ገባቸው ማለት ነው።

ራስ ተፈሪ እ.ኤ.አ. በ1924 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባዎቹ የአርመን ልጆችም፣ አስተማሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያንም የነሐስ ሙዚቃን ለአገራችን ሲያለማምዱ በእግር ሳያስኬዱ አስተማሩ ብዬ አላምንም። ይህ የእኔ ግምት ነው፣ ታሪክ አድርገህ እንዳትጠቅስብኝ።

ሌላው፦ በደብረ ብርሃን ብርድ ጠዋት ላይ ትራምፔት ድምፁ ይወርዳል። ልጆቹ መሣሪያውን በትንፋሻቸው ሳያሞቁ ከኪቦርዱ ጋር አታስማማቸው። ከጥያቄህ ውጪ ነው፣ ግን ይጠቅምሃል።

---

አንኮበር ማዶ (ሰኞ)

እኔ ያልገባኝ፣ 3/4ም እኮ ስድስት ስምንተኛ ይይዛል። 6/8ም ስድስት ስምንተኛ ይይዛል። ታዲያ ልዩነታቸው ምንድን ነው? በ3/4 ቢጽፈውስ?

---

ነጥብ ያለው ሩብ

ስድስት እንቁላል አለህ እንበል። በሁለት ሰሐን ሦስት ሦስት ብታደርግ 6/8 ነው። በሦስት ሰሐን ሁለት ሁለት ብታደርግ 3/4 ነው። እንቁላሉ እኩል ነው፣ ጠንካራው ምት የሚያርፍበት ቦታ ግን ይለያል፦ 6/8 በ1 እና በ4 ይረግጣል፣ 3/4 በ1፣ በ3 እና በ5። ስምንተኛዎቹን ስትጽፍ ጅራታቸውን የምታያይዘውም በዚያው መሠረት ነው። በ3/4 ከተጻፈ የጋሼ ጡረተኛው ሰልፈኛ በአንዱ ባር ግራውን፣ በሚቀጥለው ባር ቀኙን ያስቀድማል።

---

ከበሮ መቺዋ (ማክሰኞ ጠዋት)

የመሐል ሜዳ ልጅ ነኝ። ከእናቴ ጋር ሠርግ ቤት ከበሮ መምታት የጀመርኩት ኖታ የሚባል ነገር መኖሩን ሳላውቅ ነው፤ ኖታውን በኋላ ተማርኩት። የሰሐኑ ምሳሌ ጥሩ ነው፣ ግን እኛ ቤት ሰሐኖቹ ይቀላቀላሉ። ከበሮው ሦስት ሦስት እያለ ሲሄድ እናቶች አንዳንዴ ሞቅ ሲላቸው ጭብጨባውን ሁለት ሁለት ያደርጉታል። ከበሮው በ1 እና በ4፣ እጃቸው በ1፣ በ3 እና በ5። ሁለቱ በ1 ላይ ይገናኛሉ፣ ወዲያው ይለያያሉ፣ ደግሞ በ1 ላይ ይገናኛሉ። የሠርጉ ድንኳን የሚነሣው ያኔ ነው። በ6/8 ከጻፍከው ይህን ማስቀመጥ ቀላል ነው፤ ጭብጨባው ሦስት ሩብ ኖታ ነው፣ በቃ። በ2/4 ግን በሁለት ምት ላይ ሦስት ሩብ ጨፍልቀህ በቅንፍ ማሰር አለብህ። ወንድሜ ኪቦርድ፣ ያንተ ቅንፍ እዚያ ጋ ይደክማል።

ሁለተኛው ጉዳይ ግጥሙ ነው። ሁለቱን እኩል ስምንተኛዎች እኩል ይተዋቸው ወይስ ረዥምና አጭር ያድርጋቸው የሚለውን ወረቀቱ አይነግርህም ተባለ። አማርኛው ግን ይነግርሃል። አንድ ሐረግ ላሳይህ፦ "ባና ለብሶ"። ስታዜመው "ባ" ይረዝማል፣ "ና" ያጥራል። "ለብ" ይረዝማል፣ ምክንያቱም "ብ" ከኋላው ተደግፋበታለች፤ "ሶ" ታጥራለች። ሩብ፣ ስምንተኛ፣ ሩብ፣ ስምንተኛ፤ አንድ ባር 6/8 ሞላ። ማንም አላስተማረኝም፣ ቃሉ ራሱ ነው እንዲህ የሚቆመው።

የሚጠብቅ ፊደል ሲመጣ የባሰ ነው። "አለ" ላልቶ ሲነበብ "ተናገረ" ነው፣ ጠብቆ ሲነበብ "ይገኛል" ነው። በጽሑፍ አንድ ናቸው። ዘፈን ውስጥ የሚጠብቀውን "አለ" በእኩል ስምንተኛዎች ብታስቀምጠው ልጆቹ አላልተው ይዘፍኑታል፣ "ሙሽራው አለ" የሚለው "ሙሽራው ተናገረ" ይሆንብሃል። እንግዲህ ምን እንደተናገረ ታዳሚው ይጠብቅ። በረዥሙ ላይ "አ"ን አሳርፈህ "ለ"ን በአጭሩ ብታስገባ ግን ለመጥበቂያው ጊዜ ይኖረዋል።

---

የዜማ ቤት ልጅ (ማክሰኞ)

የከበሮ መቺዋ አስተያየት ደስ አሰኝቶኛል። በቤተ ክርስቲያን የአቋቋም ትምህርትም አንዱን ዜማ በቁም ብለነው፣ በዝማሜ ብለነው፣ ከዚያ በመረግድ፣ በመጨረሻ በጽፋት እናነሣዋለን። ጽፋት ቃሉ ራሱ ከማጨብጨብ የመጣ ነው። ዜማው ያው ሆኖ አካሄዱ ሲለወጥ የትኛው ፊደል እንደሚረዝምና የትኛው እንደሚያጥር መሪጌታው በመቋሚያ ያሳዩናል እንጂ በቁጥር አይደለም። የምትሉትን 6/8 እና 2/4 እኛ ላይ ልጫን አልልም። ግን አንድን ዜማ ከአንድ አካሄድ ወደ ሌላ ማሻገር እንግዳ ነገር እንዳልሆነ ለማስታወስ ነው።

---

ጠባሴ ላይ ነኝ (ማክሰኞ ምሽት)

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ከሰዓት በኋላ ተቀምጬ በእጄ እንደገና ጻፍኩት። ሩቡን ሁሉ ነጥብ ጨመርኩለት፣ ነጥብ ያለው ስምንተኛና አሥራ ስድስተኛ የነበረውን ሩብና ስምንተኛ አደረግሁት። ባሩ ሞላ፣ ግጥሙም በየቦታው ገባ። ደስ ብሎኝ ማጫወቻውን ነካሁት።

ሠርጉ ለቅሶ ሆነ። ማነከሱ ጠፍቷል፣ ግን ዘፈኑ እግሩን እየጎተተ ነው የሚሄደው። ከላይ "ሩብ ኖታ = 100" የሚለውን አልነካሁትም። ምን አጠፋሁ?

---

ነጥብ ያለው ሩብ

ያጠፋኸው ባለመንካትህ ነው። ሩብ በደቂቃ 100 ከሆነ አንዱ ሩብ 0.6 ሰከንድ ነው። አሁን ምትህ ነጥብ ያለው ሩብ ስለሆነ 0.9 ሰከንድ ይፈጃል። በደቂቃ 100 የነበረው ምት ወደ 67 ገደማ ወረደ፤ ሢሦው ጠፋ ማለት ነው። "ነጥብ ያለው ሩብ = 100" ብለህ ጻፍ። ፕሮግራሙ በሩብ ብቻ የሚቀበል ከሆነ "ሩብ = 150" በለው፣ ያው ነው።

ለማዛወር የተነሣ ሰው ሁሉ አንድ ጊዜ መወሰን ያለበት ይህንን ነው፦ ምቱ ነው እኩል የሚቀረው ወይስ ስምንተኛው? አንድ ዘፈን ውስጥ ከ2/4 ወደ 6/8 የሚሻገር ሙዚቃ ሲጻፍ በመሻገሪያው ላይ "ሩብ = ነጥብ ያለው ሩብ" ወይም "ስምንተኛ = ስምንተኛ" ተብሎ የሚቀመጠው ለዚሁ ነው። በመጀመሪያው የምትጨፍረው ትከሻህ አይዘገይም። በሁለተኛው ይዘገያል። ስምንተኛው እኩል እንዲቀር የሚፈልግ የሙዚቃ ደራሲ ሞልቷል፣ ያንተ ግን የሠርግ ዘፈን ነው፤ እስክስታ አለበት።

---

ኪቦርድ ከሸዋ ሮቢት

እኔም ልጨምር፣ ቅድም ስላፌዝኩ ይካሰኝ። አራት አሥራ ስድስተኛ በአንድ ምት ውስጥ ካለህ ምን አደረግሃቸው? ዝም ብለህ 6/8 ውስጥ ብትጥላቸው ምቱን አይሞሉም፤ የሁለት ስምንተኛ ያህል ብቻ ናቸው። ወይ አራቱንም ነጥብ ያላቸው አሥራ ስድስተኛዎች አድርጋቸው፣ እኩልነታቸው ይቀራል። ወይ ደግሞ ስምንተኛ፣ ሁለት አሥራ ስድስተኛ፣ ስምንተኛ አድርጋቸው፤ ድምሩ ሦስት ስምንተኛ ነው፣ ጣትም ላይ ይመቻል። እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። የመጀመሪያው ለፈተና ነው።

---

ጠባሴ ላይ ነኝ

እንዲህ ዓይነት ሁለት ቦታ አለ፣ ሁለቱም እልልታ ከመምጣቱ በፊት ነው። አንደኛው ላይ እማማ አራቱንም እኩል ነው የሚሉት፤ ቅጂውን ሦስት ጊዜ ሰማሁት። ሌላኛው ላይ አንተ እንዳልከው ነው።

---

ከበሮ መቺዋ

ቅጂው ካለህ ስልክህ ላይ ብቻ አትስማው። ኮምፒውተር ላይ በኦዳሲቲ፣ ድምፅን በምስል በሚያሳየው ፕሮግራም፣ ክፈተው። ጭብጨባው እንደ ሹል ተራራ ሆኖ ይታይሃል። በአንዱ ረዥምና በአንዱ አጭር መካከል ያለውን ርቀት በዓይንህ ለካው። አጭሩ የምቱ ሢሦ ከሆነ 6/8 ነው። የምቱ ሩብ ከሆነ የመጀመሪያ ጽሑፍህ ነበር ልክ። ሠርግ ላይ የሚመታ ሰው ደግሞ ማስመሪያ አይደለም፤ አንዴ ወደዚህ አንዴ ወደዚያ ይላል። የሚቀርበውን ያዝና የቀረውን ለልጆቹ ጆሮ ተውላቸው።

---

አንኮበር ማዶ

ይህ ሁሉ ዘፈን እኮ ያለ ኖታ ነው ስንት ዘመን የቆየው። እማማ መድረኩ ላይ ይቁሙና ልጆቹ ይከተሏቸው።

---

ጠባሴ ላይ ነኝ

የሚዘፍኑት ልጆች እንደዚያ ነው የተማሩት፣ አንድም ወረቀት አልሰጠኋቸውም። ትሮምቦኑ ግን የራሱ የተለየ ድምፅ አለው፤ ዜማውን ተከትሎ ቢሄድ ከትራምፔቱ ጋር ይጋጫል። ኖታው የሚያስፈልገኝ ለነሐሶቹ ነው።

---

ጠባሴ ላይ ነኝ (ቅዳሜ ከሰዓት)

ውጤቱን ልንገራችሁ። በኦዳሲቲ ከፍቼ አየሁት። የእማማ አጭር ጭብጨባ ከምቱ ሩብ ይልቅ ለሢሦው ይቀርባል። የሚሞቅ ቦታ ላይ ትንሽ ይጠብባል፣ ግን እኔ የጻፍኩት ድረስ አይደርስም።

ሐሙስ ዕለት የጋሼ ጡረተኛውን ምክር ይዤ ልጆቹን ሜዳ ላይ አወጣኋቸው። ብርዱ ይጋረፋል፣ አፋቸው እንደ ባቡር እየጨሰ "አንድ ሁለት ሦስት፣ አራት አምስት ስድስት" እያሉ የትምህርት ቤቱን አጥር ዞሩ። የጥበቃው ሰው ሰልፍ ሊወጡ ነው ብሎ በሩን ከፈተላቸው። ከዚያ ክፍል ገብተን አዲሱን ወረቀት ሰጠኋቸው። ሦስቱ ትራምፔቶች በሁለተኛው ሙከራ ያዙት። አራተኛው፣ ከሁሉም ጎበዝ አንባቢ የነበረው ልጅ፣ አሁንም የድሮውን ይጫወታል፤ ጣቱ ሁለት ሳምንት የለመደውን አልተወም። ወረቀቱን ቀምቼው "ባና ለብሶ" እያለ እንዲያንጎራጉር አደረግሁት፣ መሣሪያውን ሳይነካ። ዛሬ ከአሥር ሰባቱን ያህል በትክክል ያወጣዋል።

እማማ ዛሬ መጥተው ሰሙ። አልሳቁም። እስከ መጨረሻው አዳምጠው "አሁን ዳነ" አሉ። ቀጥለው ተነሡና ትከሻቸውን ሞከሩ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ነቀነቁትና ቆሙ። "ግን ማን ነው ያባረራችሁ?" አሉኝ። ከ100 ወደ 92 አወረድኩት፣ ከዚያ ወደ 88። በ88 ላይ ትከሻቸው ሄደ።

አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። አራቱን እኩል የሚሉበት ቦታ ላይ ነጥብ ያላቸው አሥራ ስድስተኛዎች ጽፌ ትሮምቦኑ ልጅ ሊያነበው አልቻለም። በ6/8 ውስጥ 4 ቁጥር ያለው ቅንፍ ባደርግለት ይቀለዋል ወይስ ይብስበታል?

---

ነጥብ ያለው ሩብ

ይቀለዋል። ነጥቡን አውጣና አራት አሥራ ስድስተኛ ጽፈህ ከላይ 4 አድርግበት። ግን መጀመሪያ እግሩን በሁለት ምት እያስረገጥክ በአንዱ ምት ውስጥ "መሐል ሜዳ" አስብለው፤ መ፣ ሐል፣ ሜ፣ ዳ። አራት ነው፣ እኩል ነው፣ ቦታውንም ያውቀዋል።

---

የማርሽ ባንድ ጡረተኛ

88 ጥሩ ነው። የወላጆች ቀን መቼ ነው? ጠባሴ ድረስ ታክሲ ይዤ እመጣለሁ።

---

ጠባሴ ላይ ነኝ

የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው ጋሼ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት። ካፖርት ይዘው ይምጡ።